እሁድ የማይሰማ ሳል

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጣ አሁንም መሀል ላይ ትቆማለህ? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? ትንሹስ፣ አሁንም ትንሹ የምንለው፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚለው ወንድሜ፣ ወፍጮውን እንዴት ይዞታል? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። ስልክ ብደውል እንደልማድህ በቀልድ ታልፈኛለህ፤ ወረቀት ግን መሀል ላይ አይቋረጥም። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀኸኝ ነበር። ሆስፒታል በነርስነት እየሠራሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን በኢንተርኔት እማራለሁ። መኝታ ቤቴም፣ መማሪያ ክፍሌም፣ ቤተ መጻሕፍቴም አንድ ናቸው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ እግሩ አጠር ያለ ወንበር። መምህሯንም አብረውኝ የሚማሩትንም በኮምፒውተር ነው የማያቸው። እነሱ ሲያወሩ እኔ ካሜራዬን አጥፍቼ እንጎራደዳለሁ። የምማረው የሕዝብ ጤና ነው። ስነግርህ «ነርስ ሆነሽ ደግሞ ምን ቀረሽ?» ብለኸኝ ነበር። የቀረኝ ይኸው፤ ሆስፒታል አንድ ሰው ሲያስል ለእሱ መድኃኒት እሰጣለሁ። እዚህ ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ለምን እንደሚያስሉ ጠይቂ ይሉኛል።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ቦታ መርጣችሁ የሠራተኞቹን ጤና አጥኑ ተባልን። እኔ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ያለውን ዳቦ ቤት መረጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ስንፍናዬ ነው፣ ደረጃ መውረድ ብቻ ነበር። አሥራ አራት ሠራተኞች አሉ። መጠይቁን ይዤ አንድ በአንድ አነጋገርኳቸው፤ ዘጠኙ ያስላሉ። ሊጥ የሚያቦካው ሰውዬ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ተጫዋች ሰው ነው፣ ሳሉ በእረፍት ቀኑ ይሻለው እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «በእረፍት ቀኔማ እኔም ሳሉም እናርፋለን» አለኝ። መልሱን ጽፌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልሄድ ስል እጄ ቆመ።

አባዬ፣ አንተ እሁድ አታስልም ነበር።

በሥራ ቀን ገና ከመታጠፊያው ሳልህን እንሰማና እማዬ «አባታችሁ መጣ፣ ምሳ አቅርቡ» ትለን ነበር። እሁድ ግን ወጣ ብለህ ስትመለስ ድምፅ ሳታሰማ ትገባና ክው ታደርጋታለህ። «ምነው እንደ ድመት?» ትልሃለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ እሁድ እሁድ አባባ ያኮርፋል እንል ነበር። አላኮረፍክም። ወፍጮው ስለማይሠራ ነበር። ደረትህን ሲበላው የኖረው የዱቄቱ ብናኝ ነው። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ ብዬ የስንቱን ሰው ደረት ሳዳምጥ ኖሬ፣ ላንተ የሳል ሽሮፕ ከመላክ በቀር ያደረግሁት የለም። አፍሬያለሁ።

ለመምህሯ ለብቻዋ ጻፍኩላት። ያንተን ያህል ዓመት ብናኝ የሳበ ሳንባ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ሐኪም ግን ትንፋሹን ሊያቀልለት ይችላል አለችኝ። በቅርብ የጀመረው ሰው ግን በጊዜ ከራቀ ሊድን ይችላል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም ልክ የለውም፤ አሁን ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ባለፈው በስልክ ስናወራ አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁና አንተ መሰልከኝ። አንተ ግን ወሬህን አላቋረጥክም። እማዬ ስልኩን ተቀብላህ «ትንሹ ነው፤ ወፍጮውን ብቻ የወረሰ መሰለሽ? ሳሉንም ነው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቄ ነው አሁን መቀመጫ ያሳጣኝ።

ወፍጮውን ከተረከበ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ብነግረው ተማርኩ ብላ ልታዘኝ መጣች ይለኛል፤ አንተን ግን ይሰማል። ወፍጮ ቤቱ የዕድሜህ ሥራ ነው፣ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ልጄ ከዚያ ይውጣ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድህ ስለማውቅ ነው ሁለቱን ደብዳቤ የቀደድኩት። ዝም ብለህ እመነኝም አልልህም። የሚመጣው እሁድ አጠገቡ ዋል። ሲበላም ሲጫወትም ስማው። እንደ ሥራ ቀኑ ካሳለ ተሳስቻለሁና፣ በተማርኩ ባይዋ ልጅህ እስክትጠግብ ሳቅባት። ጸጥ ካለ ግን ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ከእጁ ተቀበለውና አብራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አንተም ተመርመር።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ስለ ሳቋ አትቆጣት፣ ሁላችንም ስቀናል። አክስቴን ለላከችልኝ ሹራብ አመስግንልኝ፤ እጅጌው ረዝሟል ብለህ ግን አትንገራት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በልልኝ። ትንሹንም እቅፍ አድርገህ ሳመው፤ ስታቅፈው ግን ቶሎ አትልቀቀው፣ ጆሮህን ደረቱ ላይ ትንሽ አቆይልኝ።

ናፋቂ ልጅህ

ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፩ ቀን