ሸረሪቷና የድንጋዩ ሽበት

ውድ የትዳር ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ አንቺ ባለሽበት ሕመም እንደሌለ አምናለሁና። እኔ ግን አንድ ነገር አበላሽቼ ነው የምጽፍልሽ።

ቅዳሜ ልጃችን ቤት ልታጸዳ መጣች። መጥረጊያውን ወደ መኝታ ቤታችን ጥግ ስታነሳ፣ «ሸረሪቷን ተያት፤ አብረን ነው የምናመሸው» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ሸረሪት ጠፍታ ታውቃለች? ነገ ትመለስልሃለች» ብላ ድሩን ጠረገችው። እውነቷን ነው፤ በማግስቱ እዚያው ጥግ አዲስ ድር ተዘርግቶ አገኘሁ።

ያኔ ቅዳሜ ድሩን ጠርጋ እንደጨረሰች ጓሮ ወጥታ ጠራችኝ። «አባዬ፣ የእማዬ ድንጋይ ምን ሆኖ ነው?»

ከቧንቧው ሥር ያለውን ድንጋይ ማለቷ ነው፤ ያ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ሽበት የለበሰው፣ «የሳሙና ውሃ እንዳታስነካብኝ» የምትይው። ጎረቤታችን የዕፅዋት አስተማሪ ተንበርክኮ አይቶት፣ «ይሄ ዘሩ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ ነው። እንዴት አቆያችሁት?» ሲለን፣ አንቺ «እኔ እንጃ! ባሌ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ያንጠባጥባል፤ እሱን ጠይቀው» ብለሽ አሳቅሽን።

አሁን ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። ስዳስሰው እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። አንቺን ለመጨረሻ ጊዜ ከሸኘን በኋላ፣ ስንት ዓመት የጨቀጨቅሽኝን ቧንቧ ጎማውን ቀይሬ ጥብቅ አድርጌው ነበር። «ይኸው ሠራሁልሽ» ብዬም አለቀስኩ። ለካ ሽበቱን የሚያኖረው ያ ጠብታ ኖሯል። አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም አላወቅሁ።

ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነው። ለሸረሪቷ ስምንት እግር ሰጥቶ የትም ኑሪ አላት፤ ሽበቱን ግን ለአንዲት ጠብታ አደራ ሰጠው። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» የሚለኝ ሸረሪት መስዬው ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ጭቅጭቅሽ ምን ያህል እንዳኖረኝ የገባኝ ግን ያን ፍርፋሪ ይዤ ስቆም ነው።

መፍቻዬን አምጥቼ ጎማውን አወለቅሁት።

«አባዬ፣ የሠራኸውን መልሰህ ታበላሻለህ?»

«እናትሽ ትቆጣኝ፤ ደስ ይለኛል» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ጠብታው ድንጋዩን ሲመታ አብረን ሰማን።

ይዳን አይዳን አላውቅም። በጸሎቴ አስገብቼዋለሁ። ሸረሪቷን አላስገባኋትም፤ እሷ ራሷን ትችላለች።

ቧንቧሽ እያንጠባጠበ ነው። እስክንገናኝ ድረስ የማይጠግነው፣

ሰነፉ ባልሽ