ከሽንት ቤቱ ጀርባ ስለበቀለችው ኦርኪድ

ለክቡር የካላዋራ ከተማ ምክር ቤት የመናፈሻዎች ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ከቢሮዎ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግሌኒስ ፕራውት፣ ከባለቤቴ ከሜርቪን ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው በስናይፕ ወንዝ ዱር አረም ስነቅልና ችግኝ ስተክል የኖርኩ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አምና መስከረም ላይ፣ በዱሩ ውስጥ ከነበረችው ብቸኛ ሽንት ቤት ጀርባ፣ ለዓመታት ጠፍታ የነበረች ኦርኪድ የምትባል ብርቅዬ የዱር አበባ በቅላ አገኘሁ። በደንባችን መሠረት ፎቶ አንሥቼ ቅጹን ሞላሁ፤ «ከሽንት ቤቱ ሦስት እርምጃ» ብዬም በገዛ እጄ ጻፍኩ። የሽንት ቤቱን በር ለማስጠገን አራት ዓመት የፈጀበት ምክር ቤትዎ፣ ኦርኪዷን ለመጠበቅ ሲል ሽንት ቤቱንና አጠገቡ የነበረውን አግዳሚ ወንበር በዘጠኝ ቀን አፍርሶ ቦታውን አጠረ።

፪. ስለ ባለሙያዎ ትሕትናም አመሰግናለሁ። ሜርቪን ከፕሮስቴት ቀዶ ጥገናው ወዲህ ሽንት ቤት በሌለበት ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆየት አይችልም። ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ያነጋገረኝ ወጣት ባለሙያ በፍጹም ትሕትና «ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ተፈጥሮ እኮ ሽንት ቤት አያስፈልጋትም» አለኝ። መኪና ውስጥ ይጠብቀኝ ለነበረው ለሜርቪን ነገርኩት። «እኔስ ምንድን ነኝ? ፕላስቲክ ነኝ?» አለና መስኮቱን ዘጋ። እኔ አልቅሻለሁ፤ ለመዝገብዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምገልጸው።

፫. ስለ ጥናትዎም ባርኔጣዬን አነሣለሁ። መቀመጫና ሽንት ቤት ሲጠፋ ሽማግሌዎቹም ሕፃናት የያዙ እናቶችም ቀሩ፤ ከማክሰኞ ቡድናችን አሥራ አንድ ሰዎች ሦስት ቀረን። ይኼኔ ጎብኚ የሚቆጥር ሰው ላኩና፣ ጎብኚ ስለሌለ የጎብኚ አገልግሎት አያስፈልግም ብለው ወሰኑ።

ካፌ ይከፈት እንዳላልኩ ያውቃሉ። ዱሩን የገበያ አዳራሽ ሊያደርጉ ከተነሡት ጋር ስሟገት ያረጀሁ ሴት ነኝ። የለመንኩት በር ያላት አንዲት ጉድጓድና አንዲት ጣውላ ነበር። ሜርቪን የተከላቸው ዛፎች አሁን ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣሉ፤ እሱ ግን ከእንግዲህ ጥላቸው ሥር የሚቆም አይመስለኝም።

ይህም ደብዳቤ እንደ ቀደሙት ስድስቱ መልስ እንደማያገኝ ሙሉ እምነት ይዤ፣ በየዓመቱ እያነሰ ከሚሄድ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

የክቡርነትዎ ትሑት አራሚ
ግሌኒስ ፕራውት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ኦርኪድ አገኘሁ። የበቀለችው በዱሩ መግቢያ፣ ሜርቪን ለጥቂት ደቂቃ ከሚያርፍባት ከመጨረሻዋ ወንበር እግር ሥር ነው። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግራ ቀኙን አየሁና ከነሥሯ ነቀልኳት።