በአባቴ ድምፅ ላይ የተጫነ ኦርጋን

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን፣ ቦንጋ

ዛሬ ሰው ሳልደበድብ ቤቴ መመለሴ ይገርመኛል።

አባቴ ስለ ማንኪራ ጫካ ማር በቴሌቪዥን ሲናገር የቀዳንበትን ካሴት መናኸሪያው አጠገብ ላለው ቪዲዮ ቤት የሰጠሁት፣ «እንዳለ ወደ ዲቪዲ ገልብጥልኝ፤ ምንም እንዳትነካው» ብዬ ነው። ሁለቴ ነግሬዋለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፁ የቀረን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ ዲቪዲውን ከእናቴ ጋር ስንከፍተው የሠርግ ኦርጋን ጮኸብን። አባቴ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምስሉ ደብዝዞ ዓይኑ እንኳ አይለይም፤ ፊቱ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የተጨመረ ጽጌረዳ ይበራል! እናቴን እዚያው ትቼ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ባዶውን ከሚሆን ብዬ እኮ ነው። ለእንግዳ ሲታይ ያምራል» አለኝ።

ባዶውን! የአባቴ ድምፅ ባዶ ሆኖበት!

«ካሴቱን አምጣና እንደገና ቅዳው» አልኩት። የተበጣጠሰ ቴፕ አወጣልኝ። ስላረጀ ማጫወቻው በላው አለ። ሌላ ቅጂም አላስቀረም። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ስመለስ እናቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣለች። ድምፁን መጨረሻ ድረስ ከፍታው ኦርጋኑ ሰፈሩን ያናጋዋል። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ቆይ» አለችኝ፤ «አሁን ሊናገር ነው።»