ካራማራን በሁለተኛ ማርሽ

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.፤ ጠዋት 2፡40፣ ጅግጅጋ

ዛሬም ዕቃ ግምጃ ቤት። ጎማ በመጠን፣ ፊልትሮ በዓይነት መደርደር። አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሬ ፊልትሮ ደርዳሪ ሆኛለሁ። አንተ ደብተር፣ ሳቅ ካማረህ ሳቅ፤ እኔ አልስቅም።

ጋራዡ ከመስኮቴ ማዶ ነው። አውቶማቲኩ ፒክአፕ ድሬዳዋ ላይ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተጠግኖ ትናንት ተመልሷል። የሚያልፈው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ከዚያ የእኔን መስኮት።

ለራሴ እንዲጠራ ልጻፈው። ባለፈው ወር ይህ መኪና ለሸደር የስደተኞች መጠለያ የውሃ ጉድጓድ የሚሆን ጄኔሬተር በተጎታች ይዞ ከድሬዳዋ ሲመጣ፣ ከፋፋን ወንዝ ወደ ካራማራ በሚወጣው ዳገት ላይ ካምቢዮው ተቃጠለ። ጄኔሬተሩ መንገድ ላይ ቀረ። የሸደር መጠለያ ሰዎች ዘጠኝ ቀን በጀሪካን ተሰለፉ። ውሃ የሚያቀርብላቸው መ/ቤታችን ጥፋተኛ አስፈለገው። ጋራዡን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ መኪናው ያንን ጭነት ይስባል ብዬ የፈረምኩትም እኔ። ኃ. (ኃላፊዬ ነው፤ ስሙን እዚህ አላስገባውም) «የባለሙያ ግምገማ ስህተት» የሚል ደብዳቤ አዘጋጀና አምኜ እንድፈርም ሰጠኝ። ከፈረምኩ ግምጃ ቤት እቀራለሁ፤ ጋራዥ ዳግመኛ አልመራም። ካልፈረምኩ ስንብት። እስከ ጥር 20 ጊዜ አለኝ።

እማዬ ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ ትላለች። አልፈርምም። ግምገማዬ ትክክል ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 8፤ ከሰዓት 9፡00

ዛሬ አደር ጉሌድ ጋ ሄድኩ። አደር በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ግቢው ሁሉ እንዲህ ይጠራዋል። የዚያን ቀን የነዳው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከግንቡ ጥላ ሥር ሻሂ ይጠጣል። ገና ሳያየኝ ለሌሎቹ ሹፌሮች «ተነሡ፣ ኢንጂነሯ መጣች፤ ጎማችሁን ልትመዘግብ ነው» አላቸው። ሳቁ። እኔም ትንሽ።

በቀጥታ ጠየቅሁት። ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ወጣህ?

ምን ማርሽ፣ አውቶማቲክ አይደል እንዴ፤ ዲ ላይ አደረግሁት፣ ራሱ ይወቅ አለኝ።

ኦቨርድራይቩን (አራተኛውን ትልቅ ማርሽ) አላጠፋህም?

ሻሂውን አስቀመጠ። ከዚያ፣ ካጠፋሁት ሞተሩ ይጮሃል አለ። ሞተር የሚያስጮህ ሹፌር ሹፌር አይደለም። ወላሂ፣ አንድም ጊዜ ሞተሩን በደቂቃ ከሁለት ሺህ ዙር አላሳለፍኩትም።

በኩራት ነው የነገረኝ። ያበገነኝም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 9

የትናንቱን ሳስብ ዋልኩ። አደር ጉሌድ የሚነዳው በጆሮው ነው። ፍሪሲዮን ባለው መኪና ጆሮው ልክ ነው። በአውቶማቲክ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ዘይት ነው፤ ኃይሉን የሚያሻግረው ዘይቱ ነው። ከበድ ያለ ተጎታች አስረህ ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ ስትገፋ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መኪናው ይጎተታል፣ ዘይቱ መሐል ሆኖ ይታሻል። ካምቢዮውም ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ይዋልላል። በየመዋለሉ ሙቀት። ምንም ድምፅ የለውም። ጋቢናው ውስጥ ሁሉ ነገር ጸጥ ብሎ ዘይቱ ያርራል።

ትንሽ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይጮሃል፤ ግን ዘይቱ ያርፋል። የሚጮኸው አይደለም የሚጎዳው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ደግሞ የኃ. ሰሌዳ አለ። መግቢያው ላይ፣ በመስታወት። «የወሩ ነዳጅ ቆጣቢ ሹፌር»፤ ፎቶ ከነስም። ከሥሩ መመሪያ፦ ከሁለት ሺህ ዙር በላይ መንዳት ክልክል ነው። ያለፉት አራት ወራት ፎቶው የአደር ጉሌድ ነው። ከረባት አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ።

መመሪያው ተጎታች ለሚስብ አይሠራም ብዬ ለኃ. ነግሬው ነበር። ሁለት ጊዜ። በቃል።

በቃል! የት አለ ወረቀቱ? የለም። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ጋለ።

ሰኞ፣ ጥር 13፤ ረፋድ 4፡15

ኃ. ቢሮ ገባሁ። ሙከራ ጠየቅሁ። ያው መኪና፣ ያው ዳገት፣ ያው ክብደት፤ በተጎታቹ ላይ ውሃ የተሞሉ በርሜሎች። መጀመሪያ አደር ጉሌድ እንደዚያ ቀን ይነዳል፣ ቀጥሎ እኔ እነዳለሁ። የካምቢዮው ዘይት ቱቦ ላይ የሙቀት መለኪያ አስራለሁ።

ሳቀ። አንቺ ተጎታች ልትነጂ? አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ገልብጦ አየው፣ ፎቶዬ ላይ ተቆጥቻለሁ።

እሺ አለ። እኔም እመጣለሁ አለ። ተጎታቹ ሲገለበጥብኝ ለማየት ነው የሚመጣው፤ ይምጣ።

ሐሙስ፣ ጥር 16፤ ከሰዓት 10፡30

ተመልሰናል።

በቅደም ተከተል። ከፋፋን ድልድይ ተነሣን። አደር ጉሌድ መሪ ላይ፣ እኔ ጎኑ መለኪያውን ይዤ፣ ኃ. ከኋላ። ዲ፣ ኦቨርድራይቭ በርቷል። የሞተሩ ድምፅ ለስላሳ፣ እንደ ምንጣፍ። ኃ. ከኋላ፣ ይኸው፣ መኪና እንዲህ ነው የሚነዳ እያለ። የዘይቱ ሙቀት 90 ዲግሪ። 104። 117። ገና ግማሽ ዳገት። 126 ሲል ቁም አልኩ፤ ከዚህ በላይ ዘይቱ ያርራል። ማንም ምንም አልሰማም፣ ምንም አልሸተተውም። አደር ጉሌድ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የመሪውን ክብ በመዳፉ ዳበሰ።

ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል እጁን ያዝኩት። ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ አድርጎ ሞተሩን እየሠራ እንዲተወው ነገርኩት፤ ሞተሩ ካልዞረ የጋለው ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው አይሄድም፣ እዚያው ይፈላል። «በጣም ሲሞቅ አጥፍተን ነበር እኮ፣ ያን ቀንም» አለ። አውቃለሁ አልኩት። ደጋግሞ አንገቱን ነቀነቀ።

ሲበርድ ወደ ድልድዩ ተመለስን፤ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ፣ ፍሬኑ እንዳይግል። ከዚያ ተራዬ። ኦቨርድራይቭ አጠፋሁ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ላይ አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ። ኃ. ከኋላ ገደልሽው፣ ገደልሽው አለ። አደር ጉሌድ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ፣ የምሬን ነው። አንድ ሲኖትራክ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት «እናንተ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብን።

88። 93። 96። እዚያው ቆመ። ካራማራ ጫፍ ላይ 97።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩ እየሠራ። ከታች የጅግጅጋ ሜዳ፣ ቆርቆሮው እያብረቀረቀ። አደር ጉሌድ ወርዶ ተጎታቹን ዞረው፣ በርሜሎቹን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ባዶ መስለውት ነበር። ተመልሶ መጣና፣ እንግዲህ ጆሮዬ አርጅቷል አለኝ። አላረጀም፣ ሌላ ቋንቋ ነው አልኩት። ሃዬ አለ። እሺ ማለቱ ነው።

ኃ. እስከ ከተማ በመስኮት ወደ ውጪ እያየ ሄደ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ከልቤ።

ዓርብ፣ ጥር 17፤ 5፡00

ደስታዬ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም።

ኃ. ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚህ በፊት ሰጥቶኝ አያውቅም። አዲስ ደብዳቤ አለ። የእኔ ስም ከጥፋተኝነት ወጥቷል፤ ቦታው ላይ የአደር ጉሌድ ስም ገብቷል። «ሹፌሩ በአግባቡ ማርሽ ባለመምረጡ»። ሥራ ይለቃል። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እኔ እንደ ባለሙያ የሙከራውን ውጤት አያይዤ ልፈርም፣ የጋራዡ ቁልፍም ሰኞ ይመለስልኛል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እንዲታየኝ።

የጻፍኩት ቁጥር ነው ሁሉም። አንዱም ውሸት የለበትም። 126 እውነት ነው፣ ማርሹም የተሳሳተ ነበር።

ስለ ሰሌዳውስ? ብዬ ጠየቅሁ። የቱ ሰሌዳ? አለኝ።

ስወጣ መግቢያውን አየሁ። ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ አለ። ሰሌዳው የለም።

እሑድ፣ ጥር 19

አደር ጉሌድ ሰምቷል። ቤታችን ድረስ መጣ፣ አልገባም፣ በር ላይ ቆሞ። እንድምረው ሊለምነኝ መስሎኝ ነበር። ልጄ፣ ፈርሚ አለኝ። መኪናውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ገና ብዙ ዓመት አለሽ።

ተቆጣሁት። ሽማግሌ ላይ ጮህኩ፤ እማዬ ከውስጥ ወጣች። አንተም እንደ ኃ. ልታሳምነኝ መጣህ? አልኩት። የታዘዝከውን ነው የነዳኸው፣ ለታዘዝከው ነው ፎቶህን የሰቀሉት። ፈገግ አለ። ፎቶው ቤቴ ነው፣ ለሚስቴ ብዬ ከነመስታወቱ ዓርብ ጠዋት ጠየቅኳቸው፣ ነቅለው ሰጡኝ አለ። መመሪያውም ከሥሩ አለ፤ ማኅተም አለው።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ኃ. ማስረጃውን ከግድግዳው ለማጥፋት ሲቸኩል ለራሱ ለተከሳሹ ሰጥቶታል።

ሰኞ፣ ጥር 20፤ ጠዋት 3፡20፣ ከኃ. ቢሮ በር ላይ

የራሴን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት አንቀጽ። አንደኛ፣ መመሪያው ለተጎታች እንደማይሆን እያወቅሁ በቃል ብቻ መናገሬ፣ በጽሑፍ አለማቅረቤ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ይህን መጻፍ ከዳገቱ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ካምቢዮውን ያቃጠለው የመ/ቤቱ መመሪያ ነው፤ ቅጂው ከነማኅተሙ ተያይዟል፣ የሙከራው ቁጥርም። ሦስተኛ፣ ሹፌሩ ትእዛዝ ፈጽሟል። ግልባጭ ለዋናው ቢሮ፤ በጠዋቱ ፖስታ ቤት ገብቷል፣ አይመለስም።

የጋራዡን ቁልፍ ላላገኝ እችላለሁ። ግምጃ ቤቱንም። አስቤበታለሁ።

ኃ. ፈርመሻል? አለኝ። ፈርሜአለሁ አልኩት። ሰጠሁት። ውጪ ጠብቂ አለኝ፤ ይኸው እጠብቃለሁ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። በሩ ገርበብ ብሏል። መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሲያነብ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ደስ አለው። ገጹን ገለበጠ። አሁን ሁለተኛው ላይ ደረሰ፣ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ይደውል፤ ግልባጩ ቀድሞታል።