የጓድ ታምራት ኳስ ውጪ የወጣችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ኮከቡ እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ቅዳሜ ከሰዓት በፋብሪካው አዳራሽ የዓመቱ ኮከብ የቴኒስ ተጫዋች ይመረጣል። ዘንድሮ ሞጆን አሸንፈናል፣ ዝዋይን አሸንፈናል። የሻሸመኔዎቹማ እስከ ዛሬ ስሜ ሲጠራ ውሃ ውሃ ይላቸዋል። ሽልማቱ ራኬት ነው፤ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ ከነልባሱ። የኔን ራኬት የወጠርኩት የዝዋይ ዓሣ አጥማጆች በሚጥሉት ናይለን ነው። በዚያ ይህን ካደረግኩ በጀርመኑማ ማን ይችለኛል!

ይህን ሁሉ ደግሞ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አምና ይሄኔ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን "በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል" ብላናለች። ከኔ የሚሸሽ ፊደል ገና አልተፈጠረም።

ሽልማቱ ሦስት ዓይነት ነው። ኮከብ ተጫዋች። ምስጉን ጠባይ። ብዙ የተሻሻለ። የመጨረሻውን ከሰጡኝ እዚያው መድረኩ ላይ እተኛለሁ። ምን ጎድሎኝ ነው የምሻሻለው? እኔ እኮ በልጅነቴ ለፋብሪካው ፈረንጆች ኳስ እየለቀምኩ፣ እነሱ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ በጣውላ እየመታሁ ያደግኩ ሰው ነኝ።

የሚያሰጉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ገመቹ። የፋብሪካው የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ በጥንድ ጨዋታ አጣማሪዬ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። አይሮጡም። ኳሷ ራሷ ትመጣላቸዋለች።

ትናንት በሜዳው ላይ አንድ ነገር ሆኗል። ነገ እጽፈዋለሁ። እጄ ደክሟል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

እሺ፣ ልጻፈው።

የኛ ውድድር ዳኛ የለውም። በየወገኑ የወደቀችውን ኳስ "ገባች" ወይም "ውጪ" የሚለው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ይታመናል። ካልታመነ ሜዳው ቀይ አፈር ስለሆነ ኳሷ የነካችበት ምልክት ይታያል።

ይህ ሕግ የማይሠራው ለአንድ ሰው ነው። የጓድ ታምራት ኳስ ውጪ አትወጣም። ጓድ ታምራት የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ በፋብሪካውም የስምሪት ኃላፊ ነው። የትኛው ሾፌር የት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ቀን ኳሱ አጥሩን አልፋ የጎረቤት ዶሮ ልትገድል ነበር። ያን ቀን ተጋጣሚው እኔ ነበርኩ። "ገባች!" አልኩ። ዶሮዋም አልተቃወመችም።

እሑድ ጋሽ ገመቹና ጓድ ታምራት አንድ ለአንድ ተጫወቱ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ጋሽ ገመቹ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው የጓድ ታምራት ኳስ ከኋላ ካለው የኖራ መስመር አንድ ጋት አልፋ ወደቀች። እኔ ሜዳውን የምንዳምጥበት በርሜል ላይ ተቀምጬ ነበር። አፍንጫዬ ሥር ናት የወደቀችው። ጋሽ ገመቹ ጣታቸውን አነሱና "ውጪ" አሉ። ልክ "ዘነበ" እንደሚባለው።

ያጨበጨበ የለም።

ጓድ ታምራት ከመረቡ ማዶ "እርግጠኛ ነህ?" አለ።

"ምልክቱ ይኸው፤ መጥተህ እይ።"

በኛ ዘንድ የተሸነፈ ሰው ሜዳውን በጆንያ እየጎተተ ያስተካክላል። ጓድ ታምራት ተሸንፎ ስለማያውቅ ጆንያ ይዞ አያውቅም። እኔ በሱ ቦታ ሆኜ አፈርኩ። ዘልዬ ተነሳሁና "እኔ እያለሁ ጓድ!" ብዬ ጆንያውን አነሳሁ። መጎተት የጀመርኩት ኳሷ ከወደቀችበት ከዚያችው ጥግ ነው። ጓድ ታምራት መረቡን ዞሮ ሲደርስ ሜዳው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ሆኗል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጋሽ ገመቹ አልሳቁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ጓድ ታምራት ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ በወንበር ተቀምጬ ሳናግረው የመጀመሪያዬ ነው።

"ቅርብ ነበርክ አይደል?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"ነገ በስብሰባው ላይ ይነሳል። ሰው በደንብ ያላየውን ነገር አየሁ ማለት የለበትም። ዘንድሮ ደግሞ ጥሩ ተጫውተሃል፣ በላቸው።" ሌላ ምንም አላለም። ጨበጠኝና አሰናበተኝ።

ለአስናቀች፣ ለባለቤቴ፣ "የኮከብነቴ ነገር አለቀ፣ ተወስኗል" አልኳት።

"ታዲያ ፊትህ ለምን ከሰል መሰለ?" አለችኝ። ይህች ሴት ማየት ታበዛለች።

ሾፌሮቹ ዛሬ ሰብሰብ ብለው ያወራሉ። ለተራበው ወገን እህል የሚጭን መኪና ወደ ሰሜን ሊላክ ነው ይባላል። ባለፈው ከሄዱት አንዱ መንገድ ላይ መኪናው ተቃጥሎ ቀርቷል። ሰውየውስ ብዬ ጠየቅኩ። አንደኛው ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ። ጋሽ ገመቹን በር ላይ አገኘኋቸው፤ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ጠሩኝ። "ያ በላቸው፣ ነገ ያየኸውን ተናገር። ሌላ የምለምንህ የለኝም" አሉኝ። "ምን ጥያቄ አለው!" አልኩ፤ ደረቴንም መታሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ሂስና ግለሂስ። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ወጣ፣ ተቀመጥን።

ጓድ ታምራት እንዲህ አለ፦ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጓድ ገመቹ ይነሳና "ዐይኔ ተሳስቷል" ይበል፤ በቃ፣ እንረሳዋለን።

ጋሽ ገመቹ ተነሱ። "እኔ ሾፌር ነኝ" አሉ። "ዛሬ ዐይኔ ተሳስቷል ካልኩ ነገ መኪናውን ለማን ልትሰጡ ነው?"

እውነታቸውን ነው። ቢሉት ከመሪ ይወርዳሉ፤ ባይሉት እምቢተኛ ይባላሉ።

"የሚመሰክርልህ አለ?" ተባሉ። ወደ እኔ ጠቆሙ። ተነሳሁ። የምለውን ሌሊቱን ሳሰናዳው ነው ያደርኩት። "ውጪ ነበረች፣ አንድ ጋት" ለማለት ነበር። አፌን ስከፍት ጓድ ታምራት እያየኝ ነው። ጋሽ ገመቹ ባርኔጣቸውን እያዩ ነው።

"ጓዶች፣" አልኩ፣ "እኔ በዚያን ሰዓት ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ሀ ሁ ሂ ላይ ስደርስ ኳሷ አልፋለች!"

እንዲህ ያለ ሳቅ በሕይወቴ አስነስቼ አላውቅም። ጓድ ታምራት እንባውን በመሐረብ ጠረገ። "እንግዲህ ምስክር የለም" አለ፤ ነጥቡ ለሱ ተመለሰ፣ ጨዋታውም ሳይደገም የሱ ሆነ። ስወጣ ሰው ጀርባዬን እየመታ "አንተ ጉደኛ!" ይለኛል። ጋሽ ገመቹ በኋላ በር ወጡ።

እኔ እኮ ገባች አላልኩም። ይህ ይጻፍልኝ። ገባች አላልኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሜዳው ጭቃ ሆነ። ራት አልበላልኝ አለ። አስናቀች "ነገ የሚሸለም ሰው እንዲህ ነው?" አለች። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ብዙ የተሻሻለ፦ የመጋዘኑ ጸሐፊ። ይገባዋል፤ አምና ራኬቱን የሚይዘው እንደ መጥበሻ ነበር።

የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች፦ በላቸው። እኔ። ራኬቱ ከነልባሱ። ጅማቱን ስነካው እንደ ክራር ጮኸ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። በሕልሜ እንዳየሁት ነበር፤ ደረጃዎቹ እንኳ ሳይቀሩ።

ምስጉን ጠባይ፦ ጋሽ ገመቹ።

ማንም አልጠበቀውም። እኔ በደስታ ዘልዬ ልነሳ ነበር። ይኸው ጓድ ታምራት አልተቀየማቸውም፣ ሁሉም በሰላም አለቀ አልኩ። ቴርሞስ ተሰጣቸው። ጓድ ታምራት ትከሻቸውን ይዞ ቀጠለ፦ እንዲህ ያለ ምስጉን ሰው ከራሱ በፊት ወገኑን ያስቀድማል፤ ስለዚህም ወደ ሰሜን የሚሄደውን የእህል መኪና እንዲነዳ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ መርጦታል፤ መነሻው ሰኞ ነው።

እጅ በእጅ ላይ ተመታ። ምን ይደረጋል፣ ሽልማት ነው፤ ይጨበጨባል። እኔም ራኬቱን በብብቴ ይዤ አጨበጨብኩ። ጋሽ ገመቹ ቴርሞሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከመድረኩ ሲወርዱ ባለቤታቸው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ሜዳ ሄድኩ። አዲሱን ራኬት ልሞክር ነበር። የሚጫወት ሰው አልመጣም። ለብቻዬ ግድግዳ መታሁ። ኳሱ ጠጉሩ ያለቀ ነው፤ የትም አይነጥርም። ትንሽ መታሁና ተውኩት።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ጎሕ ሲቀድ መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስኩ። ጋሽ ገመቹ ጎማ እየረገጡ ይፈትሻሉ። ልብሳቸውን በጆንያ አስረው ጋቢናው ውስጥ አስቀምጠዋል።

"ጋሽ ገመቹ፣ ውጪ ነበረች" አልኳቸው። "አንድ ጋት ሙሉ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ለኔ ነው የምትነግረኝ? ውጪ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ያ በላቸው፣ ለኔ ብትነግረኝ ምን ይጠቅመኛል? እኔ አውቃለሁ። የማያውቀው አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር።" አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ወጡ፣ በሩን ዘጉ፣ በመስኮት "ነጋቲ" ብለው ተሰናበቱኝ። መኪናው በሞጆ መንገድ ሄደ። ጭነቱ ከባድ ስለነበር ቶሎ አልጠፋም። ቆሜ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ሄድኩ። ማንም ሳይጠራኝ ጓድ ታምራት ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥኩም። ታይፒስቷም ሁለት ሾፌሮችም ነበሩ፤ ጥሩ፣ ይስሙ አልኩ።

"ጓድ ታምራት፣ ያቺ ኳስ ውጪ ነበረች። በዐይኔ አይቻለሁ። ምልክቱን በጆንያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ገመቹ አልተሳሳቱም፤ ከመንገድ ይመለሱ።"

አንድም ቃል አልዋጥኩም። አየኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰ።

"አንተ በላቸው! ደግሞ ይቺን ከየት አመጣሃት!" ታይፒስቷ እሱን አይታ ሳቀች። ሾፌሮቹ እሷን አይተው ሳቁ። ጓድ ታምራት ከጎን ያለውን ቢሮ አንኳኳና "ኑ፣ ኑ ስሙት! እስቲ ድገምላቸው" አለ። ደገምኩት። ሆዳቸውን ያዙ። "የምሬን ነው!" ብዬ ጮህኩ። ያኔማ አንደኛው ግድግዳ ተደገፈ።

ጓድ ታምራት እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እስከ በር ሸኘኝ። አፉ አሁንም ይስቃል። ዐይኑ ግን አይስቅም ነበር። "ጥሩ ቀልድ ናት" አለኝ በጆሮዬ። "ከዚህ ቢሮ ውጪ ግን እንዳትደግማት።"

ቤት ገብቼ አስናቀችን ጠየቅኳት፦ ቁም ነገር ስናገር ፊቴ ምን ይመስላል?

ብዙ አሰበች። "እንጃ፣ አይቼው አላውቅም" አለችኝ።

ሐሙስ ስብሰባ አለ። እጄን አነሳለሁ። አነሳለሁ ብዬ ጽፌያለሁ።