በረኛውን ለብቻዬ

ኅዳር 4
የልብ ወለዳችን ስምንተኛው ቅጽ ወጣ! ሁለት ዓመት ጠበቅነው። ታናሽ እህቴ ገዝታ እንደ ሰባቱ ሁሉ በካኪ ወረቀት ሸፈነችው። ሕጋችን ከልጅነት የመጣ ነው... ጮክ ብለን፣ በየተራ፣ አንድ ምዕራፍ እሷ አንድ ምዕራፍ እኔ። ለብቻ መግለጥ ክልክል።
"እንጀምር" ብላት፣ "ትንሽ እንታገሥ እታለም" አለችኝ። እሷ? መታገሥ? የደመናው ከተማ በረኛ ይድናል አይድንም እያለች ስታደርቀኝ የከረመችው?

ኅዳር 9
ምሳዋን ረስታ ሄደች። ሆስፒታል ድረስ ወሰድኩላት። ነርስ ናት፣ ሥራዋ መርፌ መውጋት ይመስለኝ ነበር። ለካ እግሩ በጀሶ የታሰረ አንድ ልስን ሠሪ አልጋ ጎን ተቀምጣ ታነብለታለች። መጽሐፉ ካኪ ለብሷል።
"እኔስ በረኛውን ነው የምወደው" ይላታል። የእኛን በረኛ! እሷ ደግሞ የዘንዶውን ድምፅ ታወጣለታለች። ያን ድምፅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።
ምሳውን ለጓደኛዋ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 10
ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ዛሬ ሁለት ግራ እግር ያለው ሱሪ ሰፋሁ። ደንበኛዬ "ለማን ነው ይሄ?" አለኝ።

ኅዳር 12
ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች። ስምንተኛውን ቅጽ ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ከሹራቦቿ ሥር አገኘሁት። እሷ ካወቀች እኔ ለምን ይቅርብኝ? የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ በጥፍሬ ለየኋቸው። ምን ያህል ተጠንቅቃ ብታነብለት ነው!
በረኛው ሞተ። አለቀስኩ... የማንን እጅ ልያዝ?

ኅዳር 23
ልስን ሠሪው በክራንች ቤታችን መጣ። ካኪ የለበሰ መጽሐፍ አስረከባት። ሰባተኛው! ሁለት ወር ሙሉ ከአንደኛው ጀምራ ስታነብለት ኖራለች።
"ስምንተኛውን ሦስታችን እንድናነበው ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። "አንቺ ሳትኖሪ አልነካሁትም። በይ፣ ጀምሪልን።"
ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ ላይ በረኛው ያፏጫል። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቶሎ ገጹን ገለጥኩ።

ታኅሣሥ 21
የመጨረሻው ምዕራፍ የእሷ ተራ ነበር። ግማሹ ላይ ማንበብ አቃታት፣ እጄን ፈለገች። ቀና ስትል ዓይኔ ደረቅ ነው።
"መቼ ነው ያነበብሽው?"
"ቀንቼ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?
ልስን ሠሪው ነው የተናገረው፣ "ውይ... በረኛውን ብቻዎን ቀበሩታ!"
ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።
እህቴ ቆነጠጠችኝ። አጥብቃ፣ እንደ ልጅነታችን። ከዚያ ምዕራፉ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቀችም።