ከኋላ የገቡት ጎማዎች

እታለም፣

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ።

ፒክአፗ አራት አዲስ ጎማ ገብቶላታል። ጎሚስታው ጥርሰ ትልቁን የጭቃ ጎማ ውሰድ ብሎ ሙጭጭ አለብኝ፤ እኔ የአስፋልቱን መረጥኩ። አያምርም፣ ግን ቶሎ አያልቅም፣ በዝናብም መንገድ አይለቅም። ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኪ።

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። በዚያ ዝናብ መኪናዋ ተንሸራታብሽ ቦይ ከገባች ወዲህ አልነካሽውም። ራትሽንም ይዘሽ ክፍልሽ ትገቢያለሽ፤ እኔ ከሬዲዮ ጋር እበላለሁ።

"እጄ ከዳኝ" ስትዪ ሰምቼ ዝም አልኩ።

እጅሽ አልከዳሽም። በአደጋው ዋዜማ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ገዝቼ ከፊት አስገባሁ፤ ያለቁትን ከኋላ አደረግኳቸው። ጎሚስታው "በዝናብ ቂጧ ይሸሻል፣ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ" ብሎኝ ነበር። "አንተ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ይህን ልነግርሽ ስድስት ወር ሙሉ በርሽ ድረስ እየመጣሁ ተመለስኩ።

ስመለስ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ እደርሳለሁ። ከመጣሽ እየነዳሽ ነይ።
ካልመጣሽም ይገባኛል፤ በእግሬ እመጣለሁ።

ወንድምሽ